ባህር የማይገባ ወንዝ፦ ከአቃቂ የተማሪዎች የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

የወንዛችንን ውሃ የምንለካበትን የተማሪዎች ክበብ ዛሬ ጀመርን። አሥራ አራት ተማሪዎች መጡ፤ አብዛኞቹ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ትምህርት ቤታችን አቃቂ ነው፤ ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ፣ ቤቶቹ እየሳሱ ሄደው የአትክልት መደብ የሚጀምርበት አካባቢ። ከክፍላችን መስኮት ወንዙ አይታይም። ሽታው ግን ይመጣል፤ በተለይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ። ልጆቹ ለምደውታል። እኔ ከሌላ አካባቢ ስለመጣሁ አልለመድኩትም፤ እነሱም ለምደውት እንዲቀሩ አልፈልግም። ክበቡን ያቋቋምኩት ለዚህ ነው።

በእጃችን ያለው መመሪያ አንድ ወዳጄ ከውጭ ያመጣልኝ ነው። የተጻፈው ለባህር ዳርቻ ተፋሰስ ነው። እዚያ ተማሪዎች ወንዙ ባህር የሚቀላቀልበት ቦታ ላይ ቆመው የውሃውን ጨዋማነት ይለካሉ፤ ባህሩ የሚሞላበትንና የሚሸሽበትን ሰዓት ይመዘግባሉ። ገጾቹን አብረን አገላበጥን። ጨዋማነት የሚለውን ሰረዝነው። የባህር ሙላት የሚለውንም ሰረዝነው። ይሄኔ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች፦ «ቲቸር፣ የእኛ ወንዝ ባህር የሚገባው የት ነው?»

ሰሌዳው ላይ ሣልኩላቸው። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ ከሰሜን ከተራሮቹ ይነሳሉ። ከተማውን አቋርጠው ወርደው አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ አዋሽን ይቀላቀላሉ። አዋሽ ቆቃ ይገባል፤ ወንጂን፣ መተሐራን፣ አፋርን ያቋርጣል። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ሲደርስ ያበቃል። ባህር አይገባም።

«ታዲያ ቆሻሻው የት ይሄዳል?» አለች።

ክፍሉ ዝም አለ። እኔም ቶሎ አልመለስኩላትም። ጥያቄዋን በክበቡ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ራሷ እንድትጽፈው አደረግኩ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ቀኑ በዕቃ ሥራ አለፈ። መረቡን ከአሮጌ አጎበርና ከወፍራም ሽቦ ሠራን። እጀታው የመጥረጊያ እንጨት ነው። አጎበሩ ድርብ ካልሆነ ይቀደዳል፤ የመጀመሪያው ሙከራ ላይ ተቀዶ ነው ያወቅነው።

የውሃውን ጥራት የምናይበት ቱቦ ደግሞ ከሦስት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንዶች ተሠራ። የሁለቱን ታችና አንገት ቆርጠን አንዱን በአንዱ ውስጥ አስገባን፤ በሲሊኮን አጣበቅን። ታች ላይ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክዳን አለ። አሠራሩ ቀላል ነው። ውሃ ትሞላለህ፣ ከላይ ወደ ታች ታያለህ፣ ጥቁርና ነጩ እስኪለይ ድረስ ውሃውን ከሥር በትንሽ በትንሹ ታፈሳለህ። ሲለይ የውሃውን ከፍታ በሴንቲሜትር ታነባለህ። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ውሃው ጠርቷል፤ ትንሽ ከሆነ ደፍርሷል።

ቱቦው አፈሰሰ። ሁለት ጊዜ። ሲሊኮኑ አንድ ሙሉ ቀን መድረቅ ነበረበት፤ እኛ ግን ቸኩለን ነበር።

ከመርካቶ የተገዙ ሁለት የቲዲኤስ ፔኖችም አሉን። ውሃ ውስጥ የሟሟውን ጨውና ማዕድን በጠቅላላው የሚያሳዩ ናቸው። ሁለቱን አንድ ብርጭቆ ውስጥ ብንነክራቸው የተለያየ ቁጥር ሰጡን። ስለዚህ የወርቅ ሚዛን ተውሰን አንድ ግራም ጨው መዘንን፤ በአንድ ሊትር የዝናብ ውሃ በጠበጥነው። ወደ 1,000 ማሳየት አለባቸው። አንዱ 980 አለ፣ ሌላው 1,140። ሁለተኛው ላይ ቀይ ቴፕ ለጠፍንበት። ከዛሬ ጀምሮ ሥራ ላይ የሚውለው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ወንዝ ሳንወርድ አንድ እናት መጡ። ተቆጥተዋል። «መምህር፣ ልጄን ፊደል ትቁጠር ብዬ ነው የላክኋት፤ ቆሻሻ ውስጥ ትግባ ብዬ አይደለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ጓንቱን፣ ቦቲውን፣ ሳሙናውንና ጀሪካኑን አሳየኋቸው። የተከፈተ ቁስል ያለው ልጅ ወደ ውሃው እንደማይጠጋ፣ ወንዝ ዳር ምንም እንደማይበላ፣ ማንም ብቻውን እንደማይወርድ ነገርኳቸው። ፈቀዱልኝ፤ ግን «ጓንቱ አጭር ነው» አሉ። እውነትም አጭር ነው። እስከ ክርን የሚደርስ ጓንት እስኪገኝ ድረስ ወደ ታችኛው ቦታ የምንወርድበትን ቀን አዘገየሁት።

እስከዚያው ከላይ እንጀምራለን። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባል የለ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

እንጦጦ። ወላጆች አዋጥተውልን ሚኒባስ ተከራየን። ከአቃቂ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ ሽቅብ። ከተማውን ከግርጌ እስከ ራስጌ ተሻገርነው ማለት ነው፤ ወንዙ የሚሄድበትን መንገድ ወደ ኋላ።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ወደ ሥራ ከመግባታችን በፊት ሸንተረሩ ላይ አቆምኳቸው። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ይበርዳል። በአንድ እጃችሁ ወደ ሰሜን፣ በሌላው ወደ ደቡብ አመልክቱ አልኳቸው። በሰሜን በኩል የወረደ ዝናብ ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ አባይ ይሄዳል። ሱዳንንና ግብፅን አልፎ ሜዲትራኒያን ባህር ይገባል። በደቡብ በኩል የወረደው ወደ እኛ ሰፈር ይመጣል፤ አቤ ሐይቅ ሄዶ ይተናል። በሁለቱ ጠብታዎች መካከል ያለው ርቀት አንድ እርምጃ ሊሆን ይችላል። ልጆቹ ሸንተረሩ ላይ አንድ እግራቸውን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ አድርገው ፎቶ ተነሱ።

ከዚያ ወደ ቀበና የሚወርድ አንድ ትንሽ ጅረት ላይ ወረድን። ቀበና ዞሮ ዞሮ ትልቁ አቃቂን ነው የሚቀላቀለው፤ ስለዚህ ይህ የእኛው ውሃ ነው። ዙሪያው ባሕር ዛፍ ነው፤ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተተከለው። አልፎ አልፎ ጽድ አለ። የማገዶ እንጨት የተሸከሙ እናቶች በአጠገባችን አለፉ፤ ልጆቹ ተነስተው መንገድ ለቀቁ።

የምንጠቀመው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለተማሪዎችና ለነዋሪዎች የተዘጋጀ ዘዴ ነው፤ ሚኒሳስ ይባላል። ውሃ ውስጥ የሚኖሩትን ትናንሽ ፍጥረታት በ13 ቡድን ይከፍላቸዋል። እያንዳንዱ ቡድን ነጥብ አለው። ብክለት የማይችለው ከፍተኛ ነጥብ ያገኛል፤ የሚችለው ዝቅተኛ። ያገኘሃቸውን ቡድኖች ነጥብ ደምረህ ለቡድኖቹ ብዛት ታካፍላለህ። ብዛታቸውን መቁጠር አያስፈልግም፤ አንድም ተገኘ ሺህ ያው ነው።

ድንጋይ እያነሳን፣ በእግራችን የወንዙን ወለል እየቀሰቀስን፣ መረቡን ከታች ይዘን ለአምስት ደቂቃ ያህል ሠራን። ነጭ ሳፋ ላይ ስንገለብጠው መጀመሪያ ቅጠልና አሸዋ ብቻ ይመስል ነበር። «ዝም በሉና እዩ» አልኳቸው። ቀስ በቀስ አሸዋው መንቀሳቀስ ጀመረ።

ብዙዎቹ ፍጥረታት በአማርኛ የታወቀ ስም የላቸውም። ሸርጣን አለን፣ ጢንዚዛ አለን፣ የውሃ ተርብ አለን። ሦስት ጭራ ያላትን፣ ከጎን ከጎኗ እንደ ላባ ያለ መተንፈሻ የሚርገበገብላትን ግን ምን ብለን እንጥራት? ልጆቹ ራሳቸው ስም አወጡ። «ባለ ሦስት ጭራ» ሆነች። ከአሸዋና ከእንጨት ስባሪ ቤቱን ሠርቶ ተሸክሞት የሚዞረው «ቤት ሠሪ» ተባለ። ደብተሩ ላይ በዚሁ ስም ገቡ። ስም ያወጡለትን ነገር ልጆች በቀላሉ አይረሱትም።

ያገኘነው ይህ ነው፦ ባለ ሦስት ጭራ ጠንካራዋ ዓይነት 11፣ ትንሿ ዋናተኛዋ 5፣ ቤት ሠሪ 9፣ ሸርጣን 6፣ የውሃ ተርብ እጭ 6፣ ጢንዚዛ 5። ድምሩ 42፣ ለ6 ሲካፈል 7። በዘዴው መለኪያ ድንጋያማ ወለል ላለው ወንዝ 7 ጥሩ የሚባል ነው። 17 ነጥብ ያለውን፣ ከሁሉም ብክለት የማይችለውን ነፍሳት ግን አላገኘንም። ነጥቦቹ የተመጠኑት ለደቡብ አፍሪካ ወንዞች ስለሆነ የራሳችንን ውጤት ከራሳችን ጋር ብቻ ነው የምናወዳድረው።

ሁሉንም መልሰን ወደ ውሃው ለቀቅናቸው። ሸርጣኑ አንዱን ልጅ ነክሶት ነበር፤ እሱም በክብር ነው የለቀቀው።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

የእንጦጦ ውሃ ኦክሲጅን አነጋገረን። ጠብታ እየጨመርን ኦክሲጅን በምንለካበት ኪት ስናየው በሊትር 7 ሚሊግራም ነበር፤ ሙቀቱ 14 ዲግሪ። የመመሪያው ሠንጠረዥ ግን በ14 ዲግሪ ኦክሲጅን የሞላበት ውሃ ከ10 በላይ መያዝ አለበት ይላል። ልጆቹ «ያ ሁሉ ባለ ሦስት ጭራ ያለበት ውሃ ታሟል ማለት ነው?» ብለው ግራ ተጋቡ። እኔም አንድ ሌሊት አሳደረኝ።

ነገሩ ከፍታው ነው። ሠንጠረዡ የተሠራው ለባህር ጠለል ነው። እኛ ያለንበት ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ውሃ ውስጥ የሚከተው ኦክሲጅን ትንሽ ነው። ለዚህ ነው አዲስ አበባ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 93 አካባቢ የሚፈላው። የእንጦጦው ጅረት በዚያ ከፍታ ሊይዝ ከሚችለው ኦክሲጅን አብዛኛውን ይዞ ነበር። ጤነኛ ነው። እዚህ አቃቂ ደግሞ በ20 ዲግሪ ሙሉ የሚባለው ወደ 7 ነው እንጂ መመሪያው እንደሚለው 9 አይደለም። አዲስ ሠንጠረዥ አስልተን በካርቶን ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ሌላ አገር ላለ ባህር ዳርቻ የተሰፋ ልብስ ሳይስተካከል አይለበስም።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ረጅሙ ጓንት ተገኘ። በመጨረሻ ወደ ራሳችን ወንዝ ወረድን፤ ከድልድዩ በታች።

ውሃው ግራጫ ነው። ዳር ዳሩን አረፋ ይዟል። የቱቦው ንባብ 18 ሴንቲሜትር፤ እንጦጦ ላይ ቱቦው ሙሉ ሆኖ እንኳ ጥቁርና ነጩ ይለይ ነበር። ፔኑ 610 አለ፤ እንጦጦ 70 ነበር። ኦክሲጅን 1.5።

መረቡን ጣልን። ቀይ ትል፣ ተራ ትል፣ አልቅት፣ አንድ ቀንድ አውጣ። ከሌላ ቡድን ምንም የለም። 2፣ 2፣ 2፣ 4። ድምሩ 10፣ ለ4 ሲካፈል 2.5። ከመለኪያው ግርጌ ነው።

ቀዩን ትል አጉሊ መነጽር ሥር አየነው። ቀይ የሆነው እንደ እኛ ደም ሄሞግሎቢን ስላለው ነው። ኦክሲጅን በሌለበት ጭቃ ውስጥ ያገኛትን ትንሽ ኦክሲጅን አጥብቆ ይይዛል። የዝንብ ዘር ነው፤ አድጎ ይበራል። በረጅም ጭራው እንደ ቧንቧ ከላይ አየር የሚስብ ሌላ እጭም አገኘን፤ እሱም ከዚያው ከዝንብ ቡድን ይቆጠራል። ሁለቱም የሚኖሩት ውሃው ስለተመቻቸው አይደለም፤ ሌላው ሁሉ ስለሞተ ነው።

አንዷ ልጅ ሳፋውን ይዛ ለረጅም ጊዜ ቆመች። «ቲቸር፣ ቤት ሠሪው የት ላይ ነው የቀረው?» አለችኝ። ደብተሩ ውስጥ ካሉት ጥያቄዎች ሁሉ የምወደው ይህንን ነው። እንጦጦ ላይ አለ፣ እዚህ የለም። መሃል ላይ የሆነ ቦታ ቀርቷል። በሚቀጥለው ሴሚስተር ቀበናን ተከትለን በየድልድዩ እየቆምን እንፈልገዋለን ተባባልን።

ጥር 9፣ ቅዳሜ

ፍሰት ለካን። አሥር ሜትር በገመድ ምልክት አድርገን ብርቱካን ለቀቅን። ብርቱካን ጥሩ ነው፤ ከግማሽ በላይ አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚሰምጥ ነፋስ አይነዳውም፣ ቀለሙም ከሩቅ ይታያል። አምስት ጊዜ ለቀን አማካዩ 20 ሴኮንድ ሆነ። የወንዙ ስፋት 6 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 40 ሴንቲሜትር። ላዩ ከታቹ ስለሚፈጥን በ0.85 አባዛነው። በሴኮንድ ወደ 1,000 ሊትር።

አንዱ ልጅ ወዲያው ለወጠው፦ በሴኮንድ 50 ጀሪካን። ውሃ ሲጠፋ ቦኖ ላይ ሰልፍ የሚጠብቅ ልጅ ነው፤ ጀሪካን ያውቃል። በአንድ ትንፋሽ 50 ጀሪካን ውሃ በአጠገባችን ያልፋል፤ አንዱንም ማንሳት አንችልም።

ከነገ በስቲያ ጥምቀት ነው። ታቦት ወደ ውሃ የሚወርድበት፣ በኢሬቻ ደግሞ እርጥብ ሣር ይዞ ውሃ ዳር ምስጋና የሚቀርብበት አገር ላይ ነን። ይህን ወንዝ እያየሁ ያንን ማሰብ ይከብደኛል።

የካቲት 28፣ ቅዳሜ

ለሦስት ሳምንት በየቀኑ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ፔኑን አነበብን። ወንዙ አጠገብ የሚኖሩ አራት ልጆች፣ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ከወላጅ ጋር። ወደ ውሃው አይገቡም፤ ከድልድዩ ላይ በገመድ በታሰረ ባልዲ ይቀዳሉ።

ሐሳቡ የመጣው ከራሳቸው ነው። «ውሃው ሌሊት ቀለሙን ይለውጣል» ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ ይለካ አልኳቸው።

በሥራ ቀናት ጠዋት ንባቡ ከ650 እስከ 740 ነው። እሑድ ጠዋት 500 አካባቢ ይወርዳል። ሦስቱም እሑድ እንደዚያ ነው። ሰኞ የካቲት 23 ግን 510 ሆነ። ያነበቡት ልጆች ፔኑ ተበላሽቷል ብለው በጨው ውሃ ፈትሸውት መጡ። ፔኑ ደህና ነው። ቀኑን ያዩት ከዚያ በኋላ ነው፦ ዓድዋ ነበር። በዓል።

ይህ ማን ምን እንደሚለቅ አይነግረንም። በፔን ማንንም መክሰስ አይቻልም። የሥራ ቀን ውሃና የበዓል ቀን ውሃ አንድ እንዳልሆኑ ግን ይነግረናል፤ ያገኙትም የ15 ዓመት ልጆች ናቸው። ሠንጠረዡን ሲያሳዩኝ ሳቅኩም፣ ዓይኔም እንባ አቀረረ።

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ

የዛሬውን በጥንቃቄ መጻፍ አለብኝ።

ከድልድዩ በታች ያሉት መደቦች ላይ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን ይበቅላል። ውሃው ከወንዙ በፓምፕ ይወጣል። እዚያ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ልጆቹን በኦሮምኛም በአማርኛም ያጫውቷቸዋል። ልጆቹ «አባባ» ነው የሚሏቸው። ዛሬ መረቡን ሲያዩ «እኛ በልጅነታችን እዚህ ዓሣ እናጠምድ ነበር» አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም። ቀጠሉ፦ «ውሃውን አልጠጣውም፣ ከብትም አላጠጣውም። አትክልቱን ግን በምን ላጠጣው? ሌላ ምን አለኝ?»

አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ከኋላ ቆሞ ነበር። ቤተሰቦቹ ሁለት መደብ ታች ቆስጣ ያመርታሉ፤ እናቱ ገበያ ላይ ይሸጣሉ። ከጥቅምት ጀምሮ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። ዛሬ ግን አንዲት ልጅ «ይሄን ነው የምንበላው?» ስትል ጓንቱን አውልቆ ሄደ።

ተከትዬው ሄድኩ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ብዙ ዝም አልን። ከዚያ «ቲቸር፣ ይሄ ሠንጠረዥ ሲወጣ የእናቴን ቆስጣ ማን ይገዛታል?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። የማውቀውን ነገርኩት። አቃቂ ዳር የሚበቅሉ አትክልቶች ላይ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ቆዳ ማልፊያ ላይ የሚያገለግለው ክሮሚየም አንዱ ነው። ቅጠላቸው የሚበላ አትክልቶች ባጠቃላይ ፍሬያቸው ከሚበላው የበለጠ ይይዛሉ። በደንብ ማጠብ ጀርሙንና አፈሩን ያነሳል፤ በሥር በኩል ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ብረት ግን አያወጣም። የእኛ ኪት ደግሞ ብረት አይለካም። ስለዚህ ስለ እናቱ ቆስጣ እኛ የምንለው ነገር የለም፤ ልንልም አንችልም። ውሃውን የበከሉት እናቱ አይደሉም። ከሁሉ በፊት የተጎዱት እነሱ ናቸው፤ በየቀኑ እጃቸው ውሃው ውስጥ ነው።

ከሰዓት በኋላ ክበቡን ሰብስቤ አንድ ደንብ አወጣን። የማንም መደብ ካርታችን ላይ አይገባም። የአምራች ስም አይጻፍም። የምንለካው ወንዙን ነው። ልጁ ስብሰባው ሊያልቅ ሲል ገባ፤ ከኋላ ተቀመጠ። ሲወጣ ጓንቱን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ሄደ።

መጋቢት 19፣ ቅዳሜ

የበልግ ዝናብ ትላንት ማታ ጣለ። ጠዋት ወንዙ ሌላ ወንዝ ነው፦ ቡናማ፣ ፈጣን። ፌስታል በየቁጥቋጦው ላይ ተንጠልጥሏል። ሃይላንድ እንደ መንጋ ይነዳል። ከተማው በአምስት ወር ያጠራቀመው ሁሉ በአንድ ሌሊት ታጥቦ ወርዷል።

ቱቦው 4 ሴንቲሜትር። ፔኑ ግን 330! ልጆቹ ተከራከሩ። አንዱ መሣሪያ ባሰበት ይላል፣ ሌላው ተሻለው ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የዝናቡ ውሃ የሟሟውን አቅጥኖታል፤ አፈሩንና ቆሻሻውን ደግሞ ጠርጎ አምጥቷል። ፔን ብቻ ይዘን ቢሆን ኖሮ ዛሬ ወንዙ ዳነ ብለን እንጽፍ ነበር።

ሚያዝያ 17፣ ቅዳሜ

በዚህ ሳምንት ሠንጠረዡን ይዘን ወደ አንድ ቢሮ ሄደን ነበር። እኔና አራት ተማሪዎች። ያነጋገሩን ሰው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ማን ፈቀደላችሁ?» ነበር። ልጆቹ ተደናገጡ። በየካቲት ወር በየጠዋቱ ተነስተው ከለኩት ልጆች አንዷ ግን ረጋ ብላ ወረቀቱን ዘርግታ ማስረዳት ጀመረች። እሑዶቹን አሳየች። ዓድዋን አሳየች። የጨው ውሃውን ፍተሻ አሳየች። ሰውየው ዓድዋ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አደረጉ። ቅጂ አስቀሩ። «እናየዋለን» አሉ።

ከዚህ በላይ የሆነ ነገር የለም። ቅጂው መቀበሉን ግን በቀኑና በሰዓቱ ደብተራችን ላይ ጽፈናል። በሁለት ወር ውስጥ መልስ ካልመጣ ተመልሰን እንሄዳለን።

የቤት ሠሪው ፍለጋ ደግሞ ተጠናቋል። በአምስት ድልድዮች ላይ መረብ ጣልን። ሁለተኛው ላይ አንድ ብቻ አገኘን፤ ቤቱ ውስጥ አንዲት ሰማያዊ የፕላስቲክ ቁራጭ ለጥፏል። ሦስተኛው ላይ የለም፤ ከዚያ ወዲህም የለም። ከተማው ገና በወጉ ሳይጀምር ነው የቀረው።

ግንቦት 8፣ ቅዳሜ

አባ ሳሙኤል። ከአገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው፤ ለብዙ ዓመታት ቆሞ በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በቻይና ድጋፍ ታድሶ ሥራ ጀምሯል። ልጆቹ ሐይቅ እናያለን ብለው ነበር የመጡት። ያዩት አረንጓዴ ሜዳ ነው። እንቦጭ። እንቦጭ ሲባል ሁሉም ሰው ጣናን ያስባል፤ ነገር ግን አዋሽና ቆቃ ላይ በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ ጀምሮ አለ። የሚወፍረው ደግሞ ከእኛ በሚወርደው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነው፤ ከሽንት ቤቱ፣ ከሳሙናው፣ ከማዳበሪያው።

ዳር ቆመን ሰሌዳ ላይ የሣልኩላቸውን መንገድ ደገምነው። ከዚህ ወደ አዋሽ፣ ወደ ቆቃ። ከቆቃ በታች አዳማ አለ። አዳማ የሚጠጣው ከአዋሽ የተጣራ ውሃ ነው። አንዱ ልጅ አክስቱ አዳማ ናት። ስልኩን አውጥቶ ደወለላት። ምን ሊላት እንደሆነ አላውቅም ነበር። «አክስቴ፣ ደህና ነሽ ወይ? ውሃ አለ?» ብቻ አላት። አለ፣ ምነው? አለችው መሰለኝ። «አይ፣ ዝም ብዬ ነው» አላት።

ስንመለስ የመጀመሪያው ቀን የጠየቀችው ልጅ ደብተሩን ከቦርሳዬ እንድሰጣት ጠየቀችኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከጥያቄዋ ሥር፣ የቦታዎቹን ስም በተርታ ጻፈች፦ አባ ሳሙኤል፣ ቆቃ፣ አዳማ፣ ወንጂ፣ መተሐራ፣ አፋር፣ አቤ። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ሰኔ 6፣ ቅዳሜ

የፈተና ወረቀት ሳርም ዋልኩ፤ አልወረድኩም። ልጆቹ ከሁለት ወላጆች ጋር ሄደዋል። የአሥረኛ ክፍሉ ልጅ፣ የቆስጣው ቤት ልጅ፣ ነው የመዘገበው። እንዳለ እገለብጠዋለሁ፦

«ጠዋት 2፡30። ወንዙ ሞልቷል። ጎርፍ ስለሆነ ማንም አልወረደም፣ መረብ አልተጣለም። ከድልድዩ በባልዲ ቀዳን። ቱቦ 3። ፔን 290። ሙቀት 18። ሽታ፦ የአፈር። አባባ መደባቸው ዳሩ ተበልቷል፤ ሄደን አፈር በማዳበሪያ እየሞላን አገዝናቸው። አጎበሩ እንደገና ተቀዷል፤ ለመስከረም አዲስ ያስፈልጋል።»